«አፅም» ለሕያው ሰው ይነገራልን?

ጠያቂው፦ ለትምህርት ቤት ግድግዳ የሚሰቀል ሥዕል መግለጫ እያረምሁ ሳለ «የአንድ ጎልማሳ አፅም 206 አጥንቶች አሉት» የሚል ዐረፍተ ነገር ገጠመኝ። አፅሙ ተገኘ፣ አፅሙ አረፈ ሲባል እሰማለሁ እንጂ እየሮጠ የሚጫወት ሰው አፅም አለው ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እንዳለ ልተወው ወይስ ልለውጠው?

ቅኔ ወዳድ፦ ጆሮዎ አላታለለዎትም፤ ግንቦት 12 ቀን የምናከብረውም የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ነው። ነገር ግን ግእዙ ሕያውንና ሙትን አይለይም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አዳም ስለ ሔዋን «ዐፅም እምዐፅምየ» ሲል ሁለቱም በሕይወት ነበሩ፤ «አጥንት ከአጥንቴ» ያለው አማርኛው ነው። ስለዚህ ሞትን በቃሉ ላይ የጫንነው እኛ ነን።

ባላገሩ፦ ምስክርነቱን እቀበላለሁ። ሆኖም «አጥንት» ራሱ «ጠና» ከሚለው ግሥ የመጣ ይመስለኛል፤ በሰውነታችን ውስጥ ከእርሱ የጠና ነገር የለምና።

ዘደብር፦ ወንድሜ፣ ይህ የድምፅ መመሳሰል ነው። ትግርኛው «ዓጽሚ»፣ ዐረብኛው «ዐዝም»፣ ዕብራይስጡ «ዔጼም» ሲሉ ሁሉም «ም»ን ይዘዋል፤ «ጠና» ግን የለውም። ጸጉር ጠጉር እንደ ሆነ ሁሉ እዚህም «ጠ» ገባች፣ «ም»ም ከ«ት» ጎን ስትቆም ወደ «ን» ዞረች። የመጨረሻዋ «ት» «አዕፅምት» ከሚለው የብዙ ቁጥር የተረፈች ትመስለኛለች።

ቅኔ ወዳድ፦ እንዲያ ከሆነማ «አጥንቶች» ማለት «መላእክቶች» እንደ ማለት ብዙውን ዳግመኛ ማብዛት ነው፤ የኔታ ቢሰሙ አለንጋቸውን ያነሡ ነበር። የጠያቂው መግለጫ እንግዲህ በሁለት በኩል ታመመ።

ነርሷ፦ ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። አጥንት ደም የሚዘዋወርበት፣ ሲሰበር ራሱን የሚጠግን፣ በመቅኔው የደም ሕዋሳትን የሚያመርት ሕያው አካል ነው። ቁጥሩም አይጸናም፤ ሕፃን ሲወለድ ወደ 300 የሚጠጉ አጥንቶችና ልም አጥንቶች ይኖሩታል፣ ከዚያ ብዙዎቹ እየተጋጠሙ አንድ ይሆናሉ። እናቶች የሚሳሱላት እርግብግቢትም የራስ ቅል አጥንቶች ገና ያልተገናኙባት ስፍራ ናት። እኔ እንደማየው «አጥንት» የአንዱ ክፍል ስም ነው፤ በመገጣጠሚያና በጅማት ተያይዞ ሰውን የሚያቆመው ሁለንተና ግን የራሱ ስም ያሻዋል፣ ጡብና ቤት በአንድ ስም እንደማይጠሩ ሁሉ። «ሥርዓተ አፅም» የተባለውም ለዚህ ይመስለኛል።

ባላገሩ፦ ለሁለንተናው «አቋም» ቢባልስ?

ቅኔ ወዳድ፦ «አቋም» ካልን ሥዕሉ የፖለቲካ መግለጫ ይመስላል።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነውና፣ ቃሉ እንዳለ ይቅር ማለታችሁ ነውን?

ዘደብር፦ ከዚያ በፊት አጻጻፉ ይታረም። በዐይኑ «ዐ» መጻፍ ሲገባው በአልፋው «አ» ተጽፏል።

ቅኔ ወዳድ፦ በ«ዐ»ው እስማማለሁ። ፀሐዩ «ፀ» ነው ወይስ ጸሎቱ «ጸ» የሚለው ግን ገና አልተነካም፤ በብራናዎቹ ላይ ሁለቱንም ስላየሁ በቀላሉ አልለቅቅም።