የፈረንሳይ መንግሥት አኤሮፖስታልን ሊታደገው ይገባ ነበር?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄያችን የደብዳቤ አመላላሹን የፈረንሳይ አየር መንገድ፣ አኤሮፖስታልን፣ ይመለከታል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1931 ለኪሳራ ማጣሪያ የተሰጠው መንግሥት ተጨማሪ ገንዘብ አልሰጥም በማለቱ ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር?

የታሪክ ወዳድ፦ በፍጹም አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ላቴኮኤር በ1918 የገና ዕለት ከቱሉዝ ወደ ባርሴሎና በመብረር የጀመረው መስመር በ1925 ዳካር፣ ሰኔጋል፣ የደረሰው ከጦርነቱ በተረፉ ብሬጌ 14 አውሮፕላኖች ነው። ሞተራቸው ሰሃራ ላይ ቀጥ ሊል ስለሚችል፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው አብራሪውንና የደብዳቤውን ከረጢት እንዲያነሣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይበሩ ነበር። በዚህ መልክ የተዘረጋን መስመር በበጀት ክርክር መሐል መጣል ለእኔ ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ወንድሜ፣ ጀግንነቱን ማንም አልካደም። የእኔ ጥያቄ ገንዘቡን ማን ይክፈል የሚል ነው። በግንቦት 1930 የድርጅቱ አብራሪ ሜርሞዝ ከሰኔጋል ተነሥቶ ናታል፣ ብራዚል፣ ያረፈበት ያ ሁሉ የተወራለት በረራ የጫነው 130 ኪሎ ያህል ደብዳቤ ብቻ ነበር። ሲመለስ ደግሞ አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ለማረፍ ተገደደ፤ ሰዎቹና ደብዳቤው ተረፉ፣ አውሮፕላኑ ግን ሰጠመ። በዚያ ጊዜ መደበኛው የውቅያኖስ ጭነት በመርከብ ነበር የሚሻገረው። በብራዚል ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ባለሀብት ቡዩ ላፎን በ1927 ድርጅቱን ከላቴኮኤር የገዛው በራሱ ስሌት ነው፤ ስሌቱ ሲዛነፍ ግብር ከፋዩ ለምን ይጠየቃል?

የታሪክ ወዳድ፦ ስሌቱን ያዛነፉት እኮ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስና የ1930ው የብራዚል አብዮት ናቸው፤ ሁለቱም ከሰውየው ቁጥጥር ውጭ ነበሩ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ቢሆንም መስመሩን ማዳንና ባለቤቱን ማዳን ለየቅል ናቸው። ሒሳቡ እየተጣራም በረራው አልተቋረጠም፤ በ1933 አየር ፍራንስ ሲቋቋምም ንብረቱን ተረከበ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

የታሪክ ወዳድ፦ ጊዜው ይፈለጋል፣ ወዳጄ። ንብረቱን መረከብ የባከነውን ጊዜ አይመልስም። ፈረንሳዮች በማጣራትና በማዋሐድ ሲጠመዱ፣ የጀርመኑ ሉፍትሃንዛ አውሮፕላኖቹን ከመርከብ ላይ እያስወነጨፈ በየካቲት 1934 ደቡብ አትላንቲክን የሚያቋርጥ መደበኛ የደብዳቤ በረራ ጀመረ፤ አየር ፍራንስ ጉዞውን በየሳምንቱ ሙሉ በሙሉ በአውሮፕላን ማካሄድ የቻለው በ1936 ነው። ሜርሞዝ ከአራት ዓመት በፊት ቀድሞ የከፈተውን መንገድ ለተወዳዳሪ ያስረከበውን ውሳኔ ቁጠባ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።