ጀማሪ የፖለቲካ ተንታኝ ይፍጠን ወይስ ይጠብቅ?

አድሚን፦ ከአባሎቻችን አንዱ የፖለቲካ ቲክቶክ ልጀምር ነው፣ ምከሩኝ ብሎን ነበር። ምክሩ ጭቅጭቅ ሆነ። ስለዚህ ጥያቄውን ላጥብበው። ገና ስሙ ያልታወቀ ጀማሪ ትኩስ ወሬ ሲደርሰው ወዲያው ይልቀቀው ወይስ መጀመሪያ ያጣራ? ብሔር እየጠራ የሚሳደብ ከግሩፑ ይወጣል።

ፈጣኑ፦ ወዲያው ይልቀቀው። ከሦስት ሰዓት በኋላ የመጣ ቪዲዮ ማን ያየዋል? ትልልቆቹ ቢዘገዩም ተመልካቻቸው ይጠብቃቸዋል። ጀማሪ ያለው ፍጥነት ብቻ ነው። ከተሳሳተ ያርማል። ደግሞ ሦስት መቶ ተከታይ ይዞ ማንን ይጎዳል?

ነገረፈጅ፦ መጀመሪያ ራሱን ይጎዳል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ትንሽ ገጽ ነው ብሎ አያልፍህም። ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ያስቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ብዙ ልጆች 5,000 እስኪሞላ የሚጠይቃቸው ያለ አይመስላቸውም። 5,000 ቅጣቱ የሚከብድበት እንጂ የሚጀምርበት አይደለም።

ፈጣኑ፦ ሕጉ ራሱ እኮ ችግር አለበት። ሐሰተኛ የሚባለውን የሚወስነው ማን ነው? ባለሥልጣን ያልወደደው እውነትም ሊገባበት ይችላል። «አጣራ» ስትሉት ብዙው ጀማሪ «ዝም በል» ያላችሁት ነው የሚመስለው።

ነገረፈጅ፦ እሱ ላይ አልከራከርህም። አዋጁ ገና ረቂቅ እያለ ጀምሮ ትርጉሙ ሰፊ ነው ብለው የመብት ተሟጋቾች ተችተውታል። ታዲያ ሕጉ ሰፊ ከሆነ ይበልጥ ነው መጠንቀቅ። ያላጣራኸውን ስትለቅ ሊከስህ ለሚፈልግ ሰው ማስረጃውን ራስህ አቀበልከው ማለት ነው።

የዲሲው፦ እኔ ከአሜሪካ ነኝ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ያለነው ይበልጥ እንጮሃለን፤ የሚያስረን የለማ። ግን ሌላም ነገር አለ። ሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ የተገደለ ጊዜ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። አገር ቤት ያለው መጻፍ አልቻለም፣ እኛ ደውለን ማጣራት አልቻልንም። እንዲህ ሲሆን ዝም ይባላል?

ጡረተኛዋ ጋዜጠኛ፦ ልጄ፣ እንደዚያ ባለ ጊዜ ነው ወሬ ሰው የሚገድለው። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረን አስታውሱ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ስማቸው፣ ፎቷቸውና ሰፈራቸው ከጥላቻ ጽሑፍ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጣ። ጥቅምት 2014 ደጃፋቸው ላይ ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ስንት ሺህ ሰው አየው አይደለም ነገሩ። ክፉ ያሰበ አንድ ሰው ካየው ይበቃል።

ፈጣኑ፦ እትዬ፣ እሱ ሆን ተብሎ የተጻፈ ነው። የጀማሪ ስህተት አይደለም።

ጡረተኛዋ ጋዜጠኛ፦ የጻፈው ሆን ብሎ ነው። እንዲህ ያለውን ሳያጣራ «ሼር» የሚለውስ? የሰው አድራሻና ፎቶ ያለበት ነገር እውነት ቢሆን እንኳ አይለጠፍም። እኔ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ቲክቶከሯ፦ ሁለታችሁም ጀማሪው ሰበር ዜና መሥራት አለበት ብላችሁ ነው የተነሳችሁት። ለምን? ከትልልቆቹ ጋር ሲሽቀዳደም ነው የሶርያን ፎቶ የእኛ ጦርነት ብሎ የሚለጥፈው። ፎቶውን ጎግል ሌንስ ውስጥ ማስገባት ደቂቃ አይፈጅም፤ ጥድፊያ ላይ ያለ ሰው ግን አያደርገውም። አንድ ጉዳይ ይያዝ። የታክሲ ታሪፍ ይሁን፣ የሰፈሩ ውሃ ይሁን፣ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ማንም ያላነበበው አዋጅ ይሁን። አዋጁን አንብቦ በቀላል አማርኛ የሚያስረዳ ሰው ስንት አለ? ደግሞ ቶሎ ላይቭ አይግባ። ተመልካች የሚልከው፣ ወደ ገንዘብ የሚቀየረው ስጦታ መዝነብ ሲጀምር ሰው ያሰበውን ትቶ ስጦታ የሚያመጣውን መናገር ይጀምራል።

ፈጣኑ፦ ስለ ታክሲ ታሪፍ የሚያወራውን ማን ይከተለዋል በናትሽ?

ቲክቶከሯ፦ ታክሲ የሚሳፈር ሁሉ።

ነገረፈጅ፦ «ከተሳሳተ ያርማል» ላልከውም፣ እስካሁን ያየሁት ሲያርሙ ሳይሆን በዝምታ ሲያጠፉ ነው። ስክሪንሾቱ ግን ቴሌግራም ላይ ይዞራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ፈጣኑ፦ ተረትማ እኔም አላጣም፤ «ዝምታ ለበግም አልበጃት»። ይሁን፣ ልጠብቅ። ሁለት ምንጭ አረጋግጥ ትሉኛላችሁ። ከተማዬ ውስጥ ተኩስ እየሰማሁ፣ ስልክ ተቋርጦ፣ የመንግሥት ሚዲያ ሙዚቃ እያሰማ ሁለተኛውን ምንጭ ከየት ላምጣ?

ጡረተኛዋ ጋዜጠኛ፦ ያኔማ የሰማኸውን ጻፍ። «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ሰፈር ተኩስ ይሰማል» በል። ማን ተኮሰ፣ ስንት ሰው ሞተ የሚለውን አልሰማህም፣ አትጻፈው።

ፈጣኑ፦ እሱን እኮ ማንም አያጋራውም።

የዲሲው፦ እኔ አጋራዋለሁ። እናቴ እዚያው ከተማ ናት።