41 መጽሐፍ፣ ከየቱ ልጀምር?

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ አውቶብስ ውስጥ አነባለሁ። አሁን ግን የእንግሊዛዊው ደራሲ የቴሪ ፕራቼት «ዲስክወርልድ» የተባለ አስቂኝ ተከታታይ ልቦለድ ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ። ከ1983 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የወጣ 41 ልቦለድ!

በወጡበት ቅደም ተከተል ልሂድ ብዬ «ዘ ከለር ኦፍ ማጂክ»ን በስልኬ ጀመርኩ። ዝርግ ዓለም በአራት ዝሆኖች ጀርባ ላይ፣ ዝሆኖቹ ደግሞ በግዙፍ ኤሊ ላይ፤ አስማት የማይሆንለት ጠንቋይም አለ። ሐሳቡ ያስቃል። ግን ብዙው ቀልድ በድሮ የፋንታሲ (የአስማትና የምናብ ዓለም) መጻሕፍት ላይ ማላገጥ ስለሆነ እነሱን ላላነበበ ሰው ሳቁ ያመልጠዋል። መጨረሻውም ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሌላው መንገድ ገጸ ባሕርያቱን መከተል ነው። የከተማው ዘበኞች በ«ጋርድስ! ጋርድስ!» (1989) ይጀምራሉ፤ ሞት ራሱ ሰው ሆኖ የሚያወራባቸው ደግሞ በ«ሞርት» (1987)። ችግሩ በእጄ ያለው ብቸኛ የወረቀት ቅጂ «ናይት ዋች» ነው፤ ሜክሲኮ ከመንገድ ላይ የገዛሁት፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተለጠፈ። እሱ የዘበኞቹ ስድስተኛ መጽሐፍ ነው። የአለቃቸውን የቫይምስን የኋላ ታሪክ ሳላውቅ ብገባበት ይበላሽብኛል?

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለ፤ ሻንጣው የሚችለው ሦስት መጽሐፍ ብቻ ነው። እናንተ ብትሆኑ የትኞቹን ታስመጣላችሁ? እኔ ወደ ዘበኞቹ አዘንብያለሁ፣ የፖሊስ ታሪክ መቼም አይሰለቸኝም። ሦስቱንም ከዚያው ላድርግ ወይስ እንደ «ስሞል ጎድስ» ራሱን የቻለ አንድ ልቀላቅል?

እባካችሁ ታሪኩን ሳትነግሩኝ መልሱልኝ፣ በተለይ የ«ናይት ዋች»ን።