ጥቆማ፦ ማታ ማታ የሚጠፋ ካሜራ የሚሠራልኝ ሰው (አያት አካባቢ)

ባለሱቁ_አያት
ሰላም ቤተሰብ። አያት ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ሚኒ ማርኬት አለኝ። አምና አራት ካሜራ አስገጥሜ ነበር። ሁለቱ ከውስጥ፣ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ ከኋላ መጋዘኑ ጋ። ቀን ቀን አራቱም ሰላም ናቸው። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ የበሩና የመጋዘኑ ይጠፋሉ። ስክሪኑ «ቪዲዮ ሎስ» ይላል። ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል። ሲነጋ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው ይጠብቁኛል። ሌባ ደግሞ በቀን አይመጣም። የገጠመው ልጅ ስልክ አያነሳም። የሚታመን ባለሙያ ጠቁሙኝ። ደግሞስ ይጠገናሉ ወይስ ልቀይራቸው? ከቀየርኩ ሂክቪዥን ይሻላል ዳሁዋ?

አቡቹ_22
ሃያ ሁለት ያለው ልጅ። ሌላ ሰው አትፈልግ። ቁጥሩን በውስጥ ልኬልሃለሁ።

ባለሱቁ_አያት
አመሰግናለሁ ወንድሜ። እንዲህ ዓይነት ብልሽት ሠርቶልህ ያውቃል?

አቡቹ_22
ለኔ እንኳን ካሜራ አልገጠመልኝም። ዲሽ ነው የሠራልኝ። ግን እጁ ወርቅ ነው።

ቆቁ
የኔ ቧንቧ ሠራተኛም እጁ ወርቅ ነው። የሱንም ቁጥር ልላክ?

የጀሞዋ_እናት
ስለ ብራንድ ከመጨነቃችሁ በፊት የኔን ስሙ። ባለፈው ዓመት ግቢያችን ስድስት ካሜራ አስገጠምን። ልጁ ትሁት ነው፣ ጫማውን አውልቆ ነው የገባው። ምሳ ሁሉ አበላሁት። አፑን ስልካችን ላይ ጭኖ አሳየን፣ ደስ አለን፣ ከፈልን።

ከአራት ወር በኋላ ባለቤቴ ስልክ ቀየረ። አፑን እንደገና ስንጭን ዲቪአሩ (ቀረጻውን የሚይዘው ሳጥን) በሌላ አካውንት ተመዝግቧል አለን። ለካስ ልጁ የመዘገበው በራሱ ስልክ ቁጥር ነው። ለኛ ሼር ብቻ ነው ያደረገልን። ዋናውን ፓስወርድም የሚያውቀው እሱ ነው። ገባችሁ? አራት ወር ሙሉ ስንወጣ ስንገባ፣ ልጆቼ ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ፣ የማላውቀው ሰው ደስ ሲለው በስልኩ ሊያየን ይችል ነበር። ደወልን፣ አያነሳም። በጎረቤት ስልክ ስንደውል አነሳና «አሁን ዱባይ ነኝ» አለ። ከጀርባው ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል።

ቆቁ
ቀጥታ በረራ ይዞ ነው።

እመቤት_ዘገርጂ
እግዚኦ! እህቴ ዛሬውኑ ንቀይው። እኔ ብሆን በመዶሻ ነበር የምለው።

ካዛንቺስ_የነበርኩ
የኛም መሥሪያ ቤት ይሄው ነው የሆነው። የገጠመው ሰው ከአለቃው ጋር በክፍያ ተጣላና ፓስወርዱን አልሰጥም አለ። ሁለት ወር ሙሉ ካሜራው እኛን ያያል፣ እኛ ካሜራውን እናያለን።

የጀሞዋ_እናት
እንደውም ያልነገርኳችሁ አለ። ባለቤቴ አሁንም «ልጁ ክፉ አይደለም፣ ረስቶት ነው» ይለኛል። ምሳውን ያበላሁት እኔ፣ የሚያዝንለት እሱ።

ባለሱቁ_አያት
በጣም ያሳዝናል እህቴ። ግን የኔ ነገርስ?

ሽቦና_ፒንሳ
መጀመሪያ ለጀሞዋ እህቴ፣ የሷ ይብሳል። መዶሻ አያስፈልግም። ከዲቪአሩ ጀርባ የኢንተርኔቱን ኬብል ብቻ ንቀይ። ቀረጻው አይቆምም። ከውጭ ማየት ነው የሚቆመው። ቀጥሎ የተለጠፈበትን መለያ ቁጥር ፎቶ አንሺ፣ የግዢ ደረሰኙንም ፈልጊ። ሂክቪዥን ከሆነ ሳድፕ የምትባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለች። ከዕቃው ላይ አንድ ፋይል ታወጣልሻለች። ፋይሉን ለሻጩ ወይም ለኩባንያው ድጋፍ ክፍል ትልኪያለሽ፣ ፓስወርዱን ለመቀየር የሚያስችል መልስ ይመጣል። ከልጁ አካውንት እንዲያወጡልሽም አብረሽ ጠይቂ። ሲከፈት በራስሽ ስልክና ኢሜይል መዝግቢው። ለወደፊቱ ባለሙያው ከቤት ሳይወጣ ፓስወርዱን አንቺ ራስሽ ጻፊ። እሱ ፊቱን አዙሮ ይቁም። የሚቀየም ባለሙያ ካለ ሌላ ፈልጊ።

አሁን ወደ ባለሱቁ። ካሜራህ የሞተ አይመስለኝም። ረሃብ ነው። ሲጨልም ካሜራው በዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ መብራቱን ያበራል። ያኔ ከቀኑ በላይ ኃይል ይበላል። አራቱንም በአንድ 12 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር ያሰረልህ ከሆነ ለቀን ይበቃል፣ ለማታ ግን ይጨንቃል። በዚያ ላይ ኃይሉ በቀጭን የኔትወርክ ሽቦ ከሄደ መንገድ ላይ ይሟሟል። ከአዳፕተሩ 12 ቮልት የወጣው 30 ሜትር ሄዶ ካሜራው ጋ ሲደርስ 10 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ካሜራው መብራቱን ሊያበራ ሲል ይወድቃል። ጭነቱ ሲቀልለት ይነሳል። እንደገና ሊያበራ ሲል እንደገና ይወድቃል። የሚጠፉት ከዲቪአሩ የራቁት ሁለቱ አይደሉም?

ባለሱቁ_አያት
ናቸው! በጣም የራቁት እነሱ ናቸው።

ሽቦና_ፒንሳ
እንግዲያው ማንንም ሳትጠራ ሞክረው። በጠራራ ፀሐይ የበሩን ካሜራ በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ጠቅልለው። መሽቷል ብሎ መብራቱን ያበራል። ምስሉ መጨለሙማ አይቀርም፣ ጨርቅ ነው። የምታየው «ቪዲዮ ሎስ» የሚለው ጽሑፍ መምጣት አለመምጣቱን ነው። በቀን ከመጣ ነገሩ ተያዘ። ለሩቆቹ ሁለቱ የየራሳቸውን አዳፕተር አጠገባቸው ስጣቸው። ወይም አራቱንም ወደ 5 አምፔር ቀይርና ሽቦውን አወፍር። የተዘረጋውን ሽቦም ጫፉን በቢላ ፋቀው። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ገበያው በሱ ተሞልቷል። ሂክቪዥንም ዳሁዋም በዚያ ሽቦ ላይ እኩል ይወድቃሉ።

አቡቹ_22
ይሄ ሁሉ ፊዚክስ ለምን? የሃያ ሁለቱ ልጅ መጥቶ በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ዶሮ_አርቢው
ይቅርታ መሀል ገባሁ። ቢሾፍቱ የዶሮ እርባታ አለኝ። መብራትም ዋይፋይም አይደርስም። ሲም የሚገባበት፣ በሶላር የሚሠራ ካሜራ አለ አሉ። የሞከረ አለ? እንቁላል እየቀነሰብኝ ነው።

ሜሪላንድ_ነኝ
እዚህ አሜሪካ ሁላችንም ሪንግ ነው የምንጠቀመው። በር ላይ ትለጥፈዋለህ፣ አለቀ። የቻይናዎቹ ሂክቪዥንና ዳሁዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ እዚህ ለአዲስ ዕቃቸው ፈቃድ እንዳይሰጥ ታግደዋል፣ ለደኅንነት ያሰጋሉ ተብለው። ሀገር ቤት ስትገዙም አስቡበት።

ቆቁ
አያት ያለ የስኳርና የዘይት ሚስጥር ቤጂንግ እንዳይደርስ ማለት ነው። ገባን።

ሽቦና_ፒንሳ
ቆቁ ቀልደህ አትለፈው። የኩባንያው ሀገር ሳይሆን የላላ ፓስወርድና ያልታደሰ ሶፍትዌር ነው ሱቅ የሚያስገባው። እ.ኤ.አ. በ2021 በብዙ የሂክቪዥን ዕቃዎች ላይ ያለ ፓስወርድ የሚያስገባ ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶ ኩባንያው ራሱ ማደሻ አውጥቷል። እዚህ ሀገር ስንቱ አድሶታል? ሪንግ መጥፎ አይደለም፣ ቪዲዮውን የሚያስቀምጠው ግን በኢንተርኔት ነው፣ በወር እያስከፈለ። መብራት ሲሄድ ዋይፋይህም አብሮ ይሄዳል። ለኛ ሰፈር ሱቁ ውስጥ ዲስክ ላይ የሚቀርጽ ይሻላል።

ለዶሮ አርቢውም፣ እንዲህ ያለ ካሜራ አለ፣ ይሠራል። ግን አብዛኞቹ ባትሪ ለመቆጠብ የሚነቁት እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ነው። ዶሮዎቹ ላይ ካዞርከው እንቅልፍ አያገኝም። ባትሪውንም የሲሙን ዳታም ይጨርስብሃል። ወደ በሩ አዙረው። እንቁላሉ የሚወጣው በበር ነው።

ካዛንቺስ_የነበርኩ
በነገራችን ላይ ዕቃውን ፒያሳ አንድ ሱቅ ነበር የምንገዛው። ሐቀኛ ሰውዬ። ፒያሳ ሲፈርስ የት እንደገባ የሚያውቅ አለ?

እመቤት_ዘገርጂ
የወርቅ ቤቱን ነው?

ካዛንቺስ_የነበርኩ
የካሜራ አልኩ።

እመቤት_ዘገርጂ
አይ፣ የወርቅ ቤቱን ነው የማውቀው። ወደ መገናኛ ሄዷል።

ጎተራ_ነኝ
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ሰዓቱን ተመልከቱ። የወንድሜ መጋዘን ተሰብሮ ፖሊስ ቪዲዮ አምጡ አለ። ከፈትን። ሌባው ጥርት ብሎ ይታያል፣ መልኩ፣ ጃኬቱ፣ ሁሉም። ቀኑ ግን ጃንዋሪ 1970 ይላል። መርማሪው አየን አየንና «እኔ ያኔ አልተወለድኩም» አለን። ለካ ዲቪአሩ ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ክብ ባትሪ ሞታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ሌላም አለ። ዘበኛው ሌሊት 8 ሰዓት ድምፅ ሰማሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል። እኛ ቪዲዮው ላይ 08:00 ብለን ጠዋቱን እያገላበጥን ዋልን። 02:00 ነበር መፈለግ የነበረብን።

ሽቦና_ፒንሳ
ልክ ነው። ባትሪዋ ሲአር 2032 ናት፣ ማንኛውም የሰዓት ሠራተኛ ጋ ትገኛለች። አንድ ደግሞ ልጨምር። ዲቪአሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) ላይ ሰክተው ካሜራዎቹን ግድግዳው ላይ የሚተዉ አሉ። መብራት ሲጠፋ ዲቪአሩ አራት ጥቁር ሳጥን በጥራት ይቀርጻል።

የጀሞዋ_እናት
ወንድሜ ተባረክ። ኬብሉን ነቅያለሁ። አንድ ጥያቄ፣ ቀረጻው ስንት ቀን ይቆያል? የኛ 1 ቴራ ነው፣ ልጁ ሦስት ወር ይይዛል ብሎኝ ነበር።

ሽቦና_ፒንሳ
እሱም ዱባይ ሆኖ ነው የነገረሽ። አንድ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በኤች.265 (ቪዲዮውን አጥብቆ በሚያስቀምጠው አዲሱ ዘዴ) ሃያ አራት ሰዓት ሲቀርጽ በቀን 20 ጊጋ አካባቢ ይበላል። ስድስት ካሜራ 120 ጊጋ። 1 ቴራ ስምንት ቀን ቢይዝልሽ ነው። በአሮጌው ኤች.264 ከሆነ ግማሹ። ከሳምንት በላይ ከፈለግሽ ዲስኩን አሳድጊ፣ ለካሜራ ተብሎ የተሠራውን። የኮምፒውተሩ ዲስክ ቀን ከሌት መጻፍ አይችልበትም።

ኮሚቴ_ነኝ
ባለሱቁ፣ የእርስዎ የበር ካሜራ ወዴት ነው የሚያየው? የኛ ብሎክ ላይ አንድ ነዋሪ ያስገጠመው ካሜራ ፊት ለፊት ያለውን ቤት ሳሎን ያይ ነበር። ነገሩ በሽማግሌ ነው ያለቀው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ደረጃውንና የሰውን በር የሚያይ ከሆነ ቀድመው ጎረቤት ያማክሩ። ማስታወቂያም ይለጥፉ።

ባለሱቁ_አያት
አይ ጋሼ፣ የራሴን በርና የውጪውን ፍሪጅ ብቻ ነው የሚያየው። ግን ልክ ነዎት፣ ዛሬ እለጥፋለሁ።

እመቤት_ዘገርጂ
ሁላችሁም ዋጋ ለምን አትጽፉም? አራት ካሜራ ስንት ነው አሁን?

ቆቁ
የትኛውን «አሁን»? ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጠዋት የጠየቅሽውና ከሰዓት የጠየቅሽው ሁለት ዕቃ ነው። ሦስት ሱቅ ደውይ። ደሞ «ገጠማን ይጨምራል ወይ» በይ፣ «አዎ» ካሉሽ «ኬብልስ?» በይ። እዚያ ላይ ነው ዝም የሚሉት።

ዶሮ_አርቢው
ካሜራውን ወደ በሩ ላዙረው ያልከኝ ወንድሜ፣ በሩን የሚጠብቀው የአጎቴ ልጅ ነው። እንዴት ብዬ ነው ፊቱ ላይ የማዞርበት?

ቆቁ
እንግዲህ ዶሮዎቹ ላይ አዙረው።

ካዛንቺስ_የነበርኩ
አቡቹ የሰጠኸኝን ቁጥር ደወልኩ። የሃያ ሁለቱ ልጅ «ወንድሜ እኔ ካሜራ አልሠራም» አለኝ።

አቡቹ_22
ትሁት ስለሆነ ነው።

ባለሱቁ_አያት
ሽቦና ፒንሳ፣ እጅህ ይባረክ! አሁን ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። የበሩን ካሜራ በባለቤቴ ጥቁር ሻርፕ ጠቀለልኩት። ግማሽ ደቂቃ አልሞላም፣ «ቪዲዮ ሎስ»። የመጋዘኑንም ሞከርኩ፣ ያው ነው። ሽቦውንም ፋቅኩት፣ ውስጡ እንደ ጥርስ ነጭ ነው። ሻርፑን ባለቤቴ እየፈለገችው ነው፣ መጣሁ።

ሽቦና_ፒንሳ
ጎሽ! አዳፕተር ስትገዛ ክብደቱን በእጅህ መዝን። 5 አምፔር ተብሎ ተጽፎበት እንደ ባዶ ክብሪት ከቀለለ መልስለት። ከፈለግህ እሁድ ከሰዓት በኋላ መጥቼ አይልሃለሁ፣ ሲኤምሲ ነኝ።

አቡቹ_22
እሁድ የሃያ ሁለቱ ልጅም አለ።

የጀሞዋ_እናት
ፓስወርዱ ተቀየረ!!! ከልጁ አካውንት ወጣን። ተመስገን። ባለቤቴ «አላልኩሽም፣ ክፉ ልጅ አይደለም» እያለኝ ነው።

ጎተራ_ነኝ
ባለሱቁ፣ እንዴት ሆነ? እሁድ ተሠራ? የኔም የማታው ተመሳሳይ ነገር ጀምሮታል።

ጎተራ_ነኝ
ባለሱቁ?

ባለሱቁ_አያት
ሰላም ቤተሰብ። የፍሪጅ ጋዝ በደንብ የሚሞላ ሰው የምታውቁ? አያት አካባቢ። የውጪው አላቀዘቅዝ ብሎኛል።

አቡቹ_22
ሃያ ሁለት ያለው ልጅ።