አዲስ አበባ ሰሚት ላይ፣ ጥቁር አፈር ላይ የቤት ጋራዥ፦ ጉድጓድ ይቆፈር ወይስ ይቅር?

ባለዲኤክሷ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ትቶልኝ የሄደ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ፤ ኬኢ70፣ ባለ 4ኬ ሞተር። ካንዴላና ፑንቲና መቀየር፣ ካርቡራተር ማጠብ፣ የፍሬን ሸራ መለወጥ ከሱ ተምሬያለሁ። እንጀራዬ ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቱታዬን ለብሼ ከሥሯ ነኝ። እስካሁን ሣር ላይ ካርቶን አንጥፌ ነበር የምሠራው። ክረምት ሲገባ የግቢያችን ጭቃ ጫማ ያወልቃል፣ ክሪኩም ቀስ እያለ ይሰምጣል። ስለዚህ በሰርቪስ ቤቱና በአጥሩ መሃል ባለችው ቦታ፣ 4 በ6.5 ሜትር ናት፣ ለራሴ የምትሆን ጋራዥ ልሠራ ቆርጫለሁ። ንግድ አይደለም፤ የሰው መኪና አልነካም (የጎረቤቴን ቪትዝ ካልቆጠራችሁብኝ)።

ጭቅጭቁ ጉድጓዱ ላይ ነው። ግንበኛው «ጋራዥ ካልሽ 90 ሳንቲ ስፋት፣ ሜትር ከሃምሳ ጥልቀት ቆፍረን በብሎኬት እንገነባዋለን፤ ቆመሽ ትሠሪያለሽ» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ሁለት ልጅ የሚሯሯጥበት ግቢ ውስጥ ጉድጓድ የሚባል ነገር እንዳይነሳበት ብሏል። እኔ ወደ ግንበኛው አደላለሁ፤ ወገቤ ነው የሚፈርደው። መሬቱ ጥቁር ነው፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የአጥሩ ግንብም ማዕዘኑ ላይ ተሰንጥቋል። ወለሉስ ስንት ሳንቲ ይሁን? ጣሪያውና መብራቱስ? የምታውቁ ንገሩኝ።

የሽሮሜዳው

እህቴ ቆፍሪ! ጉድጓድ የሌለው ጋራዥ ምኑን ጋራዥ ሆነ። አባቴ ግቢያችን ውስጥ ያስቆፈረው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ዛሬም ዘይት የምንቀይረው እዚያው ነው። ከሥሩ ቱቦ አለው፣ ውሃ ቢገባ ወደ ታች ወደ ወንዙ ይወርዳል። የልጆቹ ነገር ካሳሰበሽ በወፍራም ጣውላ ትከድኚዋለሽ፤ እኛም በላዩ ላይ እየዘለልን ነው ያደግነው። በክሪክ እያነሱ ደረት ላይ መኪና ማንጠልጠል ነው የሚያስፈራው።

ጋሽ ካቻቪቴ

ልጄ፣ አትቆፍሪ።

የሽሮሜዳው ልጅ አልዋሸም፤ እሱ የሚያወራው ግን ስለ እንጦጦ ግርጌ ነው። ቦታው ተዳፋት ነው፣ ቱቦ ከቀበርክ ውሃው በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ሰሚት ሜዳ ነው። ከሜትር ከሃምሳ ጥልቀት የወጣ ቱቦ ወዴት ሊፈስ? ጥቁር አፈር ደግሞ ውሃ አያሳልፍም፤ በጉድጓዱ ግንብ ዙሪያ መልሰው የሚሞሉት አፈር ሰኔ ላይ ጠጥቶ እስከ መስከረም እንደያዘ ይቆያል። የዚያን ጊዜ ጋራዥ ሳይሆን የውኃ ጉድጓድ ነው ያስቆፈርሽው። ይሄ ብቻ ቢሆን ፓምፕ ግዢ እልሽ ነበር። ኮቲቻ፣ ይሄው ጥቁር አፈር፣ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። አጥርሽን የሰነጠቀውም እሱ ነው። የብሎኬት ግንብ ከጎን የሚመጣ ግፊት አይችልም፤ ሆዱ እየተነፋ ይመጣና አንድ ቀን ይናዳል። በፌሮና በኮንክሪት የተሠራ ግድግዳ ይችለው ይሆናል፣ ግን በዚያ ገንዘብ ሙሉ ጋራዡን ትጨርሺዋለሽ።

ከውሃውም ከግንቡም ይልቅ እኔ የምፈራው ቤንዚኑን ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወርዶ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፣ ነፋስም አያገኘውም። የአንቺ መኪና ባለካርቡራተር ናት፤ በውስጡ ቤንዚኑን የሚመጥነው ፍሎተር ከተያዘ ቤንዚን ሲንጠባጠብ ታገኚዋለሽ። አንዲት የእጅ መብራት ወድቃ አምፖሏ ብትሰበር በቂ ነው። በትልልቅ ጋራዦች ጉድጓድ ያለው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ሠራተኛውም ብዙ ነው፤ አንቺ ብቻሽን ከሥር ሆነሽ እሳት ቢነሳ የምትወጪው በየትኛው በኩል ነው? ልጅ የሚገባበት ግቢ ላይ ሲሆን ደግሞ ባልሽ እውነቱን ነው።

ለጉድጓድ ያሰብሽውን ብር ወለሉ ላይ አውይው። እንዲህ ነው የማደርገው፦ ጥቁሩን አፈር ቢያንስ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ አስወጪና ጣይው፤ አቅም ካለሽ ከዚያም በላይ ይውጣ። በገረጋንቲ (ለሙሌት በሚሆን ጠጠራማ አፈር) በ20 በ20 ሳንቲ እየሞሉ፣ ውሃ እያጠጡ ይጠቅጥቁት። ሲጠቀጥቁ እዚያው ቁሚ፤ ዞር ካልሽ አንድ ላይ ገልብጠው ከላይ ከላዩ ይመቱታል። ከዚያ 25 ሳንቲ ሶሊንግ (የድንጋይ ንጣፍ)፣ በላዩ 12 ሳንቲ ኮንክሪት፣ በውስጡ ባለ 8 ሚሊ ፌሮ በ20 ሳንቲ ርቀት ወዲያና ወዲህ ተጠልፎ። 4 በ6.5 ቦታ በ12 ሳንቲ ከ3 ሜትር ኩብ ትንሽ ይበልጣል። በሲ-25 (የኮንክሪቱ ጥንካሬ ደረጃ ነው) ለሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ብትይ 22 ወይም 23 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነው። ግንበኛሽ በ15 ከረጢት እጨርሳለሁ ካለሽ ሌላ ግንበኛ ፈልጊ። ከተሞላ በኋላ ሳምንት ሙሉ እርጥብ ጆንያ ይልበስ።

ወለሉ ወደ በሩ በሜትር 1 ሳንቲ ይዘቅዝቅ፤ ከዚያ ካለፈ ክሪኩ መንሸራተት ይጀምራል። ሊሾ (ልሙጥ የሲሚንቶ ልስን) አታስደርጊው፣ ዘይት የነካው ሊሾ ሰው ይጥላል። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተይዞ ከጋራዡ ርቆ ይውጣ፤ ከወለሉ ጠርዝ ሥር ከገባ ያስወጣሽውን ኮቲቻ ከጎን መልሶ ይጠራዋል።

ግድግዳውን ከአጥሩ ጋር አታያይዢው። ለብቻው በብረት ኮለን አቁሚው፣ ቆርቆሮ ይልበስ፤ ዝቅ ባለው በኩል 3 ሜትር ከፍታ ይበቃሻል። ፊት ለፊቱን ክፍት ተዪው፣ በዝግ ቤት ሞተር አይነሳም፤ የጭሱ መርዝ ሽታም የለውም። ሞተር የሚንጠለጠለው ለብቻው በተሠራ ማንሻ ነው እንጂ በጣሪያው ብረት አይደለም፤ ጣሪያው ለቆርቆሮ ነው የተሰላው።

መኪናዋን ለማንሳት ባለ ጎማ ክሪክና ባለ 3 ቶን የብረት ስታንድ፣ አራት እግር። ብሎኬት እንዳታስገቢ! ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ቀስ ብሎ አይሰነጠቅም፣ በአንዴ ነው የሚደቅቀው። ዲኤክስ ኬኢ70 ከኋላ የምትነዳ ናት፣ የኋላ አክሰሏ ሙሉ ነው፤ ስታንዱን ከአክሰሉ ሥር አድርጊ። ከመግባትሽ በፊት መኪናዋን በሁለት እጅሽ ገፋ ገፋ አድርጊያት። መውደቅ ካለባት አንቺ ውጭ ሆነሽ ትውደቅ።

የሽሮሜዳው

ጋሼ ይሄን ካሉማ ስለ ሰሚት አልከራከርም። ብሎኬቱን በተመለከተ ግን እኛ ሰፈር ሁሉም በብሎኬት ነው የሚሠራው፣ እስካሁን ምንም አልሆነም።

ጋሽ ካቻቪቴ

እስካሁን።

ሽቦ በጥሼ

ስለ መብራት ማንም አልመለሰላትም። እህቴ፣ ከሰርቪስ ቤቱ ሶኬት በማራዘሚያ እንዳትስቢ። ከዋናው ሳጥን ለጋራዡ የራሱ መስመር ይምጣ። ለሶኬቶቹ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር፤ ወደፊት ብየዳ ካሰብሽ ለብቻው ባለ 6 ሽቦ በ32 አምፔር። ከሁሉም በላይ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ የሰው መከላከያ ብሬከር አስገቢ፤ እርጥብ ወለል ላይ ድሪል የሚይዝ ሰው ያለ እሱ መሥራት የለበትም። ጋሼ ስለ ትነቱ ያሉትን እኔም እደግፋለሁ፤ ሶኬቶቹን ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ አድርጌ ነው የምገጥመው። የእጅ መብራቱም ባለ 12 ቮልት ኤልኢዲ ይሁን።

ቨርጂኒያ ነኝ

ከዚህ ዘመድ ሲመጣ ዕቃ የምታስልኪ ከሆነ የእጅ መሣሪያ አስመጪ፤ የቡሶላ (የብሎን መፍቻ) ስብስብና ቶርክ የሚለካ ቁልፍ። የቶዮታ ብሎን በአብዛኛው 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁጥር ነው፣ በኢንች የተሠራውን ስብስብ አስቀሪው፤ እዚህ ሱቅ ውስጥ በቅናሽ የሚከመረው እሱ ነው፣ ዘመድ ደግሞ ርካሹን አይቶ ይገዛል። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ተዪ። የአሜሪካ ዕቃ 120 ቮልት ነው፣ የኢትዮጵያ 220፤ ሲሰካ ያጨሳል። ባትሪ ያለው ድሪል ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል መጻፉን አስነብቢያቸው፣ ብዙዎቹ 120 ብቻ ናቸው። በጀርባ ተኝቶ የሚገባበት ባለጎማ ሰሌዳም ለወገብሽ ጥሩ ነበር፣ ግን ጎማዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሻካራ ወለል ላይ አይሄድም።

ባለዲኤክሷ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጉድጓዱ ቀርቷል፤ ባለቤቴ ሲሰማ «እኔ ስናገር ግን...» ብሎ ጀምሮ ነበር፣ አስቆምኩት። ለግንበኛው የሲሚንቶውን ሒሳብ ሳነብለት «ማነው ያስጠናሽ?» አለኝ። ወለሉን የፊት ለፊቱን ግማሽ ሻካራ፣ መኪናዋ የምትቆምበትን ደግሞ ለሰሌዳው እንዲመች ለስለስ ያለ አደርገዋለሁ፤ ጋሼ ካልተቆጡኝ። ዝናቡ ሳይገባ ኮንክሪቱ እንዲያልቅ እፈልጋለሁ።

አንድ የቀረችኝ ጥያቄ፦ ጋራዡ እንዳለቀ የመጀመሪያው ሥራዬ ፍሪሲዮን ነው፤ እግሬን ስለቅ ትንሸራተታለች። ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) በስታንድ ብቻ ማውረድ ይቻላል ወይስ ይሄኔ ነው ጉድጓዱ የሚናፍቀኝ?

ጋሽ ካቻቪቴ

ለስላሳው ይሁን፣ ዘይት ሲንጠባጠብ ግን እዚያው ሰጋቱራ በትኚበት።

ካምቢዮው በስታንድ ይወርዳል። አራቱንም እኩል አንሺያት፤ ከሻንሲው እስከ ወለሉ 50 ሳንቲ ካገኘሽ ካምቢዮው ተጎትቶ ይወጣል። ባትሪውን መጀመሪያ ፍቺ፣ ከዚያ ሞቶሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን)። ሞተሩን ከሥሩ በጣውላና በትንሽ ክሪክ ደግፊው፤ ካልተደገፈ ካምቢዮው ሲወጣ ወደ ኋላ ያጋድላል፣ የራዲያተር ጎማውን ይስባል። ካምቢዮው ብቻሽን ደረትሽ ላይ የምትቀበይው ዕቃ አይደለም፣ ሁለተኛ ሰው ይኑር፤ ባልሽ የተናገረው ስለሰመረለት እምቢ አይልም። ካርዳኑን (ወደ ኋላ አክሰል የሚሄደውን ዘንግ) ከመሳብሽ በፊት ደግሞ የካምቢዮውን ዘይት አራግፊ፤ አለበለዚያ በጭራው በኩል አዲሱ ወለልሽ ላይ ይፈስሻል።