ለወንድሜ ኩላሊት ልሰጥ ነው፣ እናቴ ግን እሺ አላለችም። የሰጣችሁ ካላችሁ እባካችሁ

የሰበታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል ታግሳችሁ አንብቡልኝ። ታላቅ ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው፣ አስተማሪ ነው፣ ደሴ ነበር የሚኖረው። ዓመት ሙሉ ራሴን አመመኝ እያለ ማስታገሻ ሲውጥ ቆይቶ ፊቱና እግሩ ሲያብጥ ነው ሆስፒታል የሄደው፣ ለካ ደም ግፊቱ ሳይታወቅ ቆይቶ ሁለቱንም ኩላሊቶቹን ጨርሷቸዋል። አሁን እኔ ጋ ሰበታ ነው ያለው። በሳምንት 2 ቀን እጥበት አለው፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን በታክሲ አየር ጤና፣ ከዛ ደሞ ሌላ ታክሲ፣ 4 ሰዓት ማሽን ላይ ይቆይና ሲወጣ እግሩ አይሸከመውም፣ ማታ ሰልፍ ላይ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ቆሞ ሳየው ልቤ ይሰበራል። ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ድምፁ ውጪ ድረስ ይሰማ የነበረ ሰው ነው።

እኔ 28 ዓመቴ ነው፣ ጤነኛ ነኝ፣ አላገባሁም አልወለድኩም። ደሜ ኦ ፖዘቲቭ ነው የሱ ኤ ፖዘቲቭ። ልሰጠው ወስኛለሁ። እናቴ ግን አንዱ ታሞብኝ ሁለተኛዋን ደሞ አልጋ ላይ ላስተኛት ነው ወይ ብላ ታለቅሳለች፣ መጀመሪያ ፀበል እንውሰደው ትላለች፣ ጎረቤት ደሞ ኩላሊት የሰጠች ሴት አትወልድም ጉልበትም አይኖራትም ብሎ አስፈራራት። ሁለተኛው ነገር፣ ዘመድ ሁሉ ያለው ደሴ ስለሆነ ንቅለ ተከላው እዛ ወይ ሌላ ክልል ሆስፒታል ሊሰራ አይችልም ወይ? ባይሰራ እንኳን ክትትሉን እዛ መጨረስ ይቻላል? አንድ ሰው ደግሞ በውስጥ መስመር ኩላሊት የሚሸጥ ሰው አገናኝሻለሁ አንቺ አትጎጂ አለኝ፣ አልመለስኩለትም። ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ መጥፎውንም ቢሆን።

የማርታ እህት፦
እህቴ እኔ ለታናሽ እህቴ ከሰጠሁ 4 ዓመት ሊሞላኝ ነው። የናትሽን ነገር ሳነብ እናቴ ፊቴ መጣች፣ የኔዋ ሳምንት ሙሉ አላነጋገረችኝም ነበር። የሆነውን ሁሉ ልንገርሽ። ቀዶ ጥገናው እንደምትፈሪው አይደለም ግን ቀላል ነው የሚልሽንም አትመኚው። ከማደንዘዣው ስነቃ ጎኔን በጣም ነው ያመመኝ፣ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ማሳልና መሳቅ ራሱ ይከብዳል፣ ትራስ ሆድሽ ላይ ይዘሽ ነው የምታስይው። በ5ኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። ከዛ 6 ሳምንት ከባድ ነገር አታንሺ ተባልኩ፣ እኛ ሰፈር ደሞ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት ክልክል ስለሆነ የጎረቤት ልጆች ናቸው ያመላለሱልኝ። ይሄን ቀድመሽ አስቢበት ማን ውሃ ያቀርባል ማን ያበስላል፣ ምክንያቱም ሁለት ታማሚ ነው አንድ ቤት የሚገባው፣ አስታማሚ ሁለት ያስፈልጋችኋል። እኛ ይሄን ሳናስብ ገብተን እናቴ ከሁለታችን አልጋ መሃል ስትሯሯጥ ራሷ ልትታመም ነበር።

ከ3 ወር በኋላ ሥራ ገባሁ። አሁን ምንም የሚያመኝ ነገር የለም፣ በዓመት አንዴ ደምና ሽንት እመረመራለሁ ግፊቴን እለካለሁ በቃ። ያልጠበቅኩት ነገር ግን ነበር፣ እሷ እየዳነች ሰው ሁሉ እሷን ሲጠይቅ እኔ ውስጤ ባዶ የሆነ ወር ነበር፣ ያለምክንያት አለቅስ ነበር። ነርሷ ብዙ ሰጪዎች ላይ የሚያጋጥም ነው አለችኝ፣ አለፈ። ይሄን የሚነግርሽ ሰው የለም ብዬ ነው።

የእጥበት ነርስ፦
የሰበታዋ እንኳን ጠየቅሽ። እጥበት ክፍል 7 ዓመት ሰርቻለሁ፣ በጥያቄሽ ቅደም ተከተል አልሄድም፣ የሚያስቸኩለውን ላስቀድም።

ያንን በውስጥ መስመር የጻፈልሽን ሰው ዝጊው። በአገራችን ሕግ ኩላሊት መሸጥም መግዛትም ወንጀል ነው፣ ሆስፒታሉም ሰጪው ዘመድ መሆኑን በማስረጃ ነው የሚጠይቀው። ያን ዓይነት ደላላ ከጭንቅ ቤተሰብ ገንዘብ ተቀብሎ ነው የሚጠፋው፣ ቤት የሸጡ ሰዎች አይቻለሁ።

ስለ ደም ዓይነት፣ ኦ ለኤ ይሰጣል፣ ፖዘቲቭ ኔጋቲቭ መሆኑ ለኩላሊት ለውጥ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው በር ተከፍቷል። ግን ዋናው ክሮስማች የሚባለው ነው፣ የሱ ደም ውስጥ ያንቺን ሴል የሚያጠቃ አንቲቦዲ አለ ወይ የሚለው። ክሮስማቹ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ማለት አንቲቦዲው ከተገኘ፣ ብዙ ጊዜ እዛው ይቆማል። እና አሁኑኑ ለወንድምሽ ሐኪም ንገሪ፦ ደም ሲያንሰው ወዲያው ደም እንዲሰጠው አትጣደፉ፣ የግድ ካልሆነ በስተቀር። የተወሰደ ደም ሁሉ አንቲቦዲ ሊፈጥርበት ይችላል፣ አንቲቦዲ በበዛ ቁጥር የሚስማማው ሰው ይጠፋል። ለደም ማነሱ ኤሪትሮፖይቲን የሚባለው መርፌ አለ። የቲሹ ምርመራውን፣ ማለት ሰውነታችሁ ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚያሳየውን፣ በተመለከተ የአንድ እናትና አባት ልጆች ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል እድላቸው 25 በመቶ ነው፣ ግማሽ 50 በመቶ፣ ባይመሳሰልም ግን በመድኃኒት ይሰራል ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ብታዪ አትደንግጪ።

አሁን ስለ ክልል ሆስፒታል። የእጥበት ማሽን ያለበት ሆስፒታል ሁሉ ንቅለ ተከላ መስራት አይችልም፣ ይሄን ብዙ ሰው ያደባልቀዋል። አገር ውስጥ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ዓመታት ባለሙያ ሲያሰለጥኑ ከቆዩ በኋላ። ምክንያቱም በአንድ ጠዋት ሁለት ቀዶ ጥገና ክፍል ጎን ለጎን መስራት አለበት፣ አንዱ ያወጣል አንዱ ይተክላል፣ የደም ስር የሚሰፋ ሐኪም፣ የቲሹ ላብራቶሪ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ሰውነቱ ኩላሊቷን ሲገፋት ናሙና ወስዶ በቶሎ የሚያነብ ፓቶሎጂስት፣ የመድኃኒቱን መጠን ደም ውስጥ የሚለካ ማሽን ያስፈልጋል። አንዱ ቢጎድል የሰጠሽው ኩላሊት ነው የሚባክነው። እኔ ክልል ላይ እንዲስፋፋ ከልቤ እፈልጋለሁ፣ ሰው ከደሴ ከጎንደር ከጅማ ቤቱን ጥሎ እዚህ ሲከራይ ማየት ያማል፣ ግን በችኮላ የተከፈተ ማዕከል ደሞ ሰው ይጎዳል። ለናንተ የምመክረው የመጀመሪያዎቹን ከ3 እስከ 6 ወራት ከሰበታ እንዳይርቅ፣ መጀመሪያ ላይ ምርመራው በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሊሆን ይችላል። ከዛ ሲረጋጋ ደሴ የውስጥ ደዌ ሐኪም እያየው፣ በየጥቂት ወሩ እዚህ እየመጣ መቀጠል ይቻላል፣ ይሄን ግን ገና ሳይሰራለት ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋገሩበት፣ ሪፈር ወረቀቱና የመድኃኒቱ አቅርቦት እንዴት እንደሚሆን።

አሁን ያንቺ ነገር። እውነቱን ንገሩኝ ብለሻል። አሜሪካ በተሰራ ጥናት ለቀዶ ጥገናው ብሎ የሚሞት ሰጪ ከ10,000 ሰው 3 ገደማ ነው። በ15 ዓመት ውስጥ የራሱ ኩላሊት የሚደክምበት ሰጪ ከ10,000 ሰው 30 ገደማ፣ ያልሰጠ እኩል ጤነኛ ሰው ላይ ደሞ 4 ገደማ ነው፣ ጥቁሮች ላይ ከ30ውም ከፍ ይላል። ትንሽ ነው፣ ዜሮ ግን አይደለም። ወንድምሽ በግፊት ስለሆነ የተጎዳው ያንቺን ግፊት አንዴ ለክተው እንዳይለቁሽ፣ የ24 ሰዓት መለኪያ ጠይቂ። ለሱም ግፊቱ ነው ኩላሊቱን የጎዳው ወይስ የኩላሊቱ በሽታ ነው ግፊቱን ያመጣው የሚለውን ሐኪሙን አጥብቀሽ ጠይቂ፣ በዘር የሚሄድ ከሆነ አንቺንም ይመለከታል። ክሬቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ሽንት ላይ ፕሮቲን፣ ስኳር፣ ጉበት፣ ኤችአይቪ፣ ቲቢ፣ የኩላሊት ደም ስር የሚያሳይ ሲቲ፣ ይሄን ሁሉ ታልፊያለሽ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ግራው ነው ደም መላሹ ስለሚረዝም። የምትቀረው ኩላሊትሽ ትንሽ ትተልቅና በሁለቱ ከነበረሽ አቅም ወደ 70 በመቶ ትይዛለች።

መውለድ ትችያለሽ። እርግዝና ላይ ግፊት የመነሳት እድሉ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ቢያንስ ዓመት ያህል ቆይተሽ፣ ክትትልሽንም ከመጀመሪያው ሆስፒታል አድርጊ። እና ይሄን ለራስሽ ያዢው፦ በማንኛውም ሰዓት፣ ቀዶ ጥገናው በር ላይም ቢሆን፣ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት ትችያለሽ። ለቤተሰብ ለመስጠት ብቁ አይደለችም ብለው ነው የሚነግሩት፣ ምክንያቱን አያወጡትም።

ጋሽ ተካ፦
ልጄ እኔ 58 ዓመቴ ነው፣ ባለቤቴ ሰጥታኝ 9 ዓመት ኖሬበታለሁ። እኔ የሄድኩት ሕንድ ነው፣ እዛም ቢሆን የሕክምና ቦርድ ወረቀት፣ የኤምባሲ ደብዳቤ፣ ጋብቻችንን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የልጆች ፎቶ ሳይቀር ነው የተጠየቅነው፣ ዘመድ ሳይሆን ለገንዘብ የመጣ እንዳይሆን ነው። ገንዘቡን ዕድርተኛውና የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው ያዋጡልኝ። እዚህ የሚሰራላችሁ ከሆነ እዚሁ አድርጉ፣ ቋንቋ በማታውቂበት አገር ሁለት ሰው ታሞ ማስታመም ከባድ ነው።

ለወንድምሽ የምትነግሪው፦ አዲሱ ኩላሊት ከታች ሆዱ ጎን ነው የሚቀመጠው፣ የድሮዎቹን ብዙ ጊዜ አያወጧቸውም፣ እኔ እጄን ሳሳርፍበት ትታወቀኛለች። ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው የሚዋጠው መድኃኒት ዕድሜ ልክ ነው፣ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን። ጠዋት 2 ሰዓት ማታ 2 ሰዓት፣ ቅዳሴ ላይም ብሆን ለቅሶ ላይም ብሆን ሰዓቱ አያልፍም። ደም ለምርመራ በሚሰጥበት ጠዋት መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ እንጂ ደሙን ሳይሰጥ አይዋጠው፣ አለበለዚያ ደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ ልኬት ይዛባል። ዳነሁ ብሎ ያቋረጠ ጓደኛ ነበረኝ፣ በ2 ወር ወደ ማሽን ተመለሰ። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት ቀርቷል፣ በዓል ላይ ሰው ሲያስገድድህ እምቢ ማለት መልመድ ነው። ትኩሳት ከያዘው፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ የተተከለበት ቦታ ካመመው ነገ ሳይል በዚያው ቀን ይሂድ።

ስለ ፀበሉ ደግሞ፣ እኔም እናቴ ወስዳኛለች፣ እምነቴም ነው። ነገር ግን እጥበት ላይ ያለ ሰው ውሃው ልክ አለው፣ እዛ በጆግ ጠጣ ተብሎ አንዱ አብሮኝ የነበረ ሌሊት ሳንባው ውሃ ሞልቶ ነው በአምቡላንስ የወጣው። አባን አስረድታችሁ ይጠመቅ፣ ቅምሻ ይቅመስ፣ እጥበቱን አንድም ቀን እንዳያሳልፍ። የኔ አባት ካህኑ ራሳቸው ናቸው ሐኪሙንም የሰጠህ እሱ ነው ቀጠሮህን አትቅር ያሉኝ።

የእጥበት ነርስ፦
ጋሽ ተካ ያሉት በጣም ትክክል ነው። አንድ ነገር ረስቼ፣ ፊስቱላ (ለእጥበት ተብሎ በቀዶ ጥገና የተያያዘ ደም ስር) የተሰራበት እጁ ላይ ግፊት አይለካ ደም አይቀዳ፣ ዘንቢልም አይንጠልጠልበት። እስካሁን በአንገት በሚገባ ቱቦ (ካቴተር) ከሆነ የሚታጠበው ፊስቱላውን አሁኑኑ አሰሩለት፣ ለመብሰል ሳምንታት ይፈጃል፣ ንቅለ ተከላው ደሞ መቼ እንደሚሆን አይታወቅም። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ ቀንሱ፣ የታመመ ኩላሊት በደንብ የማያስወጣው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ይበዛባቸዋል። ድንች ተልጦ ተቆርጦ ውሃ ውስጥ አድሮ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በሌላ ውሃ ይቀቀል፣ ፖታሲየሙ ይቀንሳል። የባህል መድኃኒት በፍጹም።

ለናትሽ ደሞ ይሄን ንገሪያት። እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ላይ የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ ሲሰራ ኩላሊቱን የሰጠው መንትያ ወንድሙ ነበር፣ ሮናልድ ሄሪክ ይባላል። በአንድ ኩላሊት 56 ዓመት ኖሮ በ79 ዓመቱ ነው ያረፈው።

የሰበታዋ፦
አንብቤ ጨርሼ አለቀስኩ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ የጻፉትን ጮክ ብዬ ለናቴ አነበብኩላት፣ የፀበሉ ቦታ ላይ ዝም አለች፣ ለካ በጆግ ልታጠጣው ነበር ሐሳቧ። የ56 ዓመቱን ሁለቴ አስደገመችኝ። አሁንም እሺ አላለችም ግን የሰጠች ሴት በዓይኔ ካላየሁ አለች። ፊስቱላውንም ጠይቀን ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዘናል፣ ለካ እስካሁን ያልጠየቅነው እኛ ነን።

የማርታ እህት ጀሞ ወይ አየር ጤና አካባቢ ነሽ? ልለምንሽ ስለፈለኩ ነው።

የማርታ እህት፦
ጀሞ ነኝ፣ ቅርብ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ፣ እህቴንም ይዣት ነው የምመጣው፣ ሁለታችንንም አንድ ላይ ትየን። ዓለም ገና ስደርስ እደውልልሻለሁ፣ ቁጥርሽን በውስጥ ላኪልኝ። ጀሪካን የማንሳው በየትኛው እጅ እንደሆነ ከጠየቀችኝ በሁለቱም አነሳላታለሁ።

የሰበታዋ፦
ላክሁልሽ። እናቴ ቡናውን እኔ ነኝ የማፈላው ብላለች፣ ወንድሜ ደሞ ቅዳሜ እጥበት የለውም፣ እሱም ሊያያችሁ ይፈልጋል።