የጀልባዬ ሞተር ኤሌክትሪክ ቾክ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ሙሉ በሙሉ አይከፈትም

በካርቡሬተር ሥራ ልምድ ያላችሁን ሁሉ ምክር በአክብሮት እጠይቃለሁ። የጀልባዬ የቤንዚን ሞተር ቀዝቅዞ ሲያድር ያለ ችግር ይነሳል፤ ነገር ግን 10 ደቂቃ ከሠራ በኋላም የቾኩ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አየር ቀንሶ ነዳጁን የሚያበዛው የካርቡሬተር ክፍል) ክዳን ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው እስከ ግማሽ ብቻ ተከፍቶ ስለሚቀር፣ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ በሚኒሞም (ነዳጅ ሳልሰጠው ሲሠራ) ይንገዳገዳል፤ ካንዴላዎቹንም ጥላሸት ለብሰው አገኘኋቸው።

ሞተሩ እየሠራ ወደ ቾኩ የሚገባውን ሽቦ በቴስተር ስለካው 13.6 ቮልት አሳየኝ፤ የማሳው (የኔጌቲቭ መስመሩ) ግንኙነት ንጹሕ ነው፣ የቾኩ ቆብም ይሞቃል። ሞተሩን አጥፍቼ ክዳኑን በጣቴ ስገፋው የሚይዘው ነገር የለም። ሦስቱን ብሎኖች አላልቼ ቆቡን ነዳጁን ወደሚያሳሳው አቅጣጫ አንድ ምልክት ባዞረው ጥቂት ተሻሻለ፤ ሁለተኛ ምልክት ስጨምር ግን ጠዋት ክዳኑ መዝጋቱን ተወና ማስነሳቱ አስቸጋሪ ሆነ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው መበላሸቱ በጣም አስጨንቆኛል።

በቆቡ ውስጥ ያለው፣ ሲሞቅ ቅርጹን እየለወጠ ክዳኑን የሚከፍተው የሁለት ብረት ሞላ ደክሞ ይሆን? ሙሉ ቆቡን ከመለወጤ በፊት ሞላውን ለብቻው የምፈትሽበት መንገድ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። የሞተሩ ክፍል የቤንዚን ትነት ሊጠራቀምበት የሚችል ዝግ ቦታ በመሆኑ፣ የካርቡሬተሩን የእሳት መከላከያ (ከሞተሩ ወደ ኋላ የሚመለስ ነበልባልን የሚያግደውን) አውልቄ ሞተሩን ማስነሳት የሚጠይቅ ሙከራ ባይሆን እመርጣለሁ።